ጋሼ ተካልኝ የጻፉልኝ መጨረሻ

የልብ ወለዴን የመጨረሻ ምዕራፍ ሳይነግሩኝ የለወጡት ጋሼ ተካልኝ ናቸው። ጊዜው እዚህ ሜልበርን ከከተማው ዳር ወዳለው ወደ ዋይንድሃም ቬል አዲሱ ባቡር መሄድ የጀመረበት ዓመት ክረምት ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ነገሩ በብዙ ሰው አፍ ሲዞር ስለከረመና በየአፉ ሌላ መልክ ስለያዘ ነው። አንዱ በገንዘብ ተጣልተው ነው ይላል፤ ሌላው ወርቅነሽ ትንሽ ስም ስታገኝ ተነፋች ይላል። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ «ተቀይማኛለች፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም» ብለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ምክንያቱን ያውቁታል።

ዝም ብዬ ልተወው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በሬስኮርስ ሮድ በሚያልፈው ትራም ላይ አንዲት ወጣት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የሆስፒታል የሥራ ልብስ ለብሳለች፤ ከአዳር እንደምትመለስ ዓይኗ ይናገራል። ጥቂት ከጎን ስታየኝ ቆየችና «ይቅርታ እትዬ፣ ደራሲዋ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። መጽሐፌን እናቷ ቤት አግኝታ እንዳነበበችው፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር እንደተለጠፈ፣ አማርኛ ማንበብ ቢያስቸግራትም እስከ መጨረሻው እንደዘለቀችው ነገረችኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥላ፣ «በተለይ መጨረሻው ላይ፣ እግሩ ሥር ወድቃ ይቅርታ ስትጠይቀው እንዴት እንዳለቀስኩ» አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ የምወርድበት ደረሰ አልኳት። የምወርድበት ገና ነበር።

የወረድኩት ፍሌሚንግተን፣ ድሮ ከኖርኩባቸው የመንግሥት ፎቆች ፊት ለፊት ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ ነፋሱ ድሮም ይበረታል፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተገፍትሮ መጥቶ ሰው ላይ የሚያርፍ ይመስላል። የሚቀጥለውን ትራም ስጠብቅ የድሮውን ረድፍ በዓይኔ ቆጠርኩ። የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ በአሥር ዶላር አንድ ሰዓት ያስወራል ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እሱ ያልቅ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ሥጋ ቤት፣ ከሥጋ ቤቱ ቀጥሎ በሳንቲም የሚሠራው ልብስ ማጠቢያ ነበረ፤ ከባለሱቁ ሬዲዮ የሚወጣ የሱዳን ዘፈንና የሳሙና ሽታ አንድ ላይ መንገዱን ይይዙታል። አሁን የካርዱ ሱቅ ጢማቸውን ያሳደጉ ልጆች ላፕቶፕ ከፍተው የሚቀመጡበት ካፌ ሆኗል። አንዱን ስኒ የሚሸጡበት ዋጋ ያን ጊዜ ካፖርት ይገዛ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ለዓመታት የለበስኩትን ቡናማ የሱፍ ካፖርት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስድስት ዶላር ነው የገዛሁት። ሽፋኑ ሐር ነበር፤ የማን እንደነበረ አላውቅም፣ ብቻ ደህና ሴት ነበረች። በጸደይ የፈረስ እሽቅድምድሙ ሲደርስ ያ ትራም ባርኔጣቸው ላይ ላባ በሰኩ ሴቶች ይሞላል፤ ጠዋት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ማታ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ይመለሳሉ። እኛ ጥቁር ሱሪያችንን ለብሰን ወደ ጽዳት ሺፍት ስንሄድ በመካከላቸው ቆመን እንጓዛለን። አንዷ ካፖርቴን ነክታ ያማረ ነው ብላኛለች።

የምኖረው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነበር፣ ከባለቤቴና ከልጄ ከሜሮን ጋር። ባለቤቴ አርፏል፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ይህን ብቻ እጽፋለሁ፤ ሜሮን ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ እሷን ይዤ ከቤት ወጥቼ ነበር። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ዘንድ ሰነበትኩ። ጋሼ ተካልኝ ይህን ሰምተው ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ያን ጊዜ የሜልበርን ሐበሻ ትዳር ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። በበጋው ሙቀት ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራባት አስረዋል። ሻይ ቀዳሁ፤ እንደ ሽማግሌ ወግ እሺ ሳትይን አንቀምስም አሉ። ጋሼ ተካልኝ የመጨረሻ ቃላቸውን ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ የማበስ ልማድ አላቸው። አበሱና «ወርቄ፣ ያለነው በሰው አገር ነው። እዚህ የፈረሰ ቤት መልሶ የሚያቆም ዘመድ የለም» አሉኝ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ስለዚህ ይበቃል።

መጽሐፉን መጻፍ የጀመርኩት ብቻዬን ሆኜ ወደ ሜድስቶን ከተዛወርኩ በኋላ ነው፤ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ኋላ ባለች ጓሮዋ በሲሚንቶ የተለበጠ ትንሽ ቤት። ሥራዬ በአረጋውያን ማቆያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ማድረቂያዎቹ ሲዞሩ የሚታጠፍ ነገር እስኪወጣ ሰው ባዶ እጁን ነው። ሌሎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ደብተር የምገዛው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዋጋ በሚጥሉበት በጃንዋሪ ነው፤ አንዱ የሳንቲሞች ጉዳይ ነበር፣ ቅርጫት ሞልቼ ስወጣ ካሸሯ ስንት ልጆች አሉሽ ብላኛለች። የዚያ ክፍል ሙቀት፣ የጋለ አንሶላ ሽታ፣ ከተረኛዋ ፊሊፒናዊት ስልክ የሚመጣው የፍቅር ዘፈን፣ እነዚህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ አሉ። በኋላ መጽሐፍ መጻፌ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «መቼ ጊዜ አገኘሽ?» ብሎ ነበር። ምን ጻፍሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም ማለት ይቻላል።

የጻፍኩት ስለ አንዲት ሴት ነው። ከባሏ ቤት ትወጣለች፣ ሽማግሌ ይመጣባታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ ሰዓቷን አይታ ትነሳለች፤ ቦርሳዋን ትይዛለች፣ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነግራ እነሱን እዚያው እንደተቀመጡ ትታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ትራሙ ላይ ትወጣለች። ያልቃል። እዚያ ምዕራፍ ላይ የቆየሁትን ያህል የትም አልቆየሁም፤ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። የራስሽ ታሪክ ነው ወይ ለሚሉኝ አይደለም እላለሁ። አይደለምም። እኔ አልሄድኩም።

ጽፎ መጨረስ ማሳተም አለመሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ የጥቂት ምዕራፎችን ፎቶ ኮፒ ይዛ አሳታሚ ዘንድ ዞረችልኝ። አንዱ ማን ናት አለ። አንዱ ውጭ አገር ያለች ከሆነች ወጪውን ራሷ ትቻል አለ። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፤ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም፣ በኮምፒውተር ይተየብ፣ የሚታወቅ ሰው ደግሞ መቅድም ይጻፍላት አለ። እኔ የማውቀው የሚታወቅ ሰው አንድ ነው። ጋሼ ተካልኝ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አስተማሪ ሳሉ አንዲት ቀጭን የግጥም መድበል አሳትመዋል፤ ሜልበርን ከመጡ በኋላ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ታክሲ ነዱ፣ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ደራሲ እንደሆኑ ኖረዋል። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። የሰርግ ጥሪ የሚተይቡት እሳቸው ናቸው። የአማርኛ ፊደል የተጫነበት ኮምፒውተር ያላቸውም በመጀመሪያ እሳቸው ነበሩ።

ቤታቸው ዋይንድሃም ቬል ነው፤ በአዲሱ ሰፈር፣ መንገዶቹ ሁሉ በዛፍ ስም ተጠርተው አንድም ዛፍ በሌለበት። ኮምፒውተሩ ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መኪናው ውጭ ያድራል። ወለሉን አሮጌ ምንጣፍ አልብሰውታል፣ ጥግ ላይ ፍሙ ቀይ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ባቡሩ ሳይጀመር በፊት እስከ ዌሪቢ ሄጄ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር፤ በነፋስ መጥቼ ጋራዡ ውስጥ ስገባ ጣቶቼ ደብተሩን መክፈት አይችሉም። አነብላቸዋለሁ፣ ይተይባሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዳቦ ይዘው ብቅ ይሉና «ታድለሽ ወርቅነሽ፣ እኔ እንኳን መጽሐፍ የአስቤዛ ዝርዝር የምጽፍበት ጊዜ የለኝም» ይሉኛል። በየሳምንቱ ነው የሚሉኝ፤ በየሳምንቱ እስቃለሁ። የተተየበውን ቤቴ ወስጄ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመለሳለሁ። ጋሼ ተካልኝ ያን ጊዜ ጥሩ ሠርተዋል፤ የሚካድ አይደለም። አንድ ቀን ሽማግሌው መነጽሩን በክራባቱ የሚያብስበት ቦታ ደረስን። አነበብኩ። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደና ቆመ፤ ጋራዥ ውስጥ ክራባት አላሰሩም። በሹራባቸው ጫፍ አበሱና «ቀጥይ» አሉኝ። ቀጠልኩ። የታተመው ላይ ሽማግሌው ነጭ መሐረብ አለው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ሲቀር ለወንድማቸው ልጅ ሰርግ ወደ አዲስ አበባ መሄጃቸው ደረሰ። ማተሚያ ቤት የሚያውቁት ሰው ነበር፤ ከዚህ ሆኜ በስልክ ከምንከራተት እሳቸው እዚያው ቆመው ቢያሳትሙት እንደሚሻል ተስማማን። ደብተሩን ተቀበሉኝ። «አንድ ምዕራፍ ናት፤ እዚያው ተይቤ አስገባታለሁ። እመኚኝ ወርቄ» አሉኝ። አመንኳቸው። ከሰርጉ ተመልሰው ሁሉም አልቋል ሲሉኝ ደብተሩን ጠየቅሁ፤ ሻንጣ ውስጥ አለ አሉኝ። በኋላ ሰጡኝ፤ የመጨረሻው ደብተር አንድም የእጅ ምልክት አልነበረበትም።

መጽሐፎቹ የመጡት የእኛ ነገር ሁሉ እንደሚመጣው ነው፤ ኪሎ በተረፈው ሰው ሻንጣ። ከአዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሲገኝ ይደወልለታል፤ ባዶ ኪሎ አለሽ ወይ ይባላል፤ አለኝ ያለች ጥቂት መጽሐፍ በርበሬና ሽሮ መካከል ሸጉጣ ታመጣለች። አንድ መጽሐፍ ዌሪቢ፣ አንድ መጽሐፍ ፍሌሚንግተን፣ አንድ መጽሐፍ የማላውቀው ሰው ቤት እየሆነ ወራት ወሰደ። አየር ማረፊያ ላይ ምግብና ተክል የሚቆጣጠሩት የኳራንቲን ሠራተኞች ሻንጣ ሲፈትሹ አንዱን ገልጠው አሸትተው መልሰውታል አሉ። የመጀመሪያዎቹ የደረሱኝ ለእናቷ ሐዘን ሄዳ በተመለሰች የፉትስክሬይ ሴት በኩል ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ተቀብዬ የባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ስከፍተው በርበሬው አስነጠሰኝ። እስከ ዛሬ የበርበሬ ዱቄት ሲሸተኝ በቅድሚያ ትዝ የሚለኝ ወጥ ሳይሆን ያ አግዳሚ ነው።

ሽፋኑ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የአገር ልብስ ለብሳ የምታለቅስ ሴት አለች። እኔ ሥዕል አይኑርበት ብዬ ነበር። የጋሼ ተካልኝ መቅድም ረጅም ነው፤ የእህታችንን ጥሬ ጽሑፍ አርመውና አቃንተው ለዚህ እንዳበቁት ይናገራል። ጥሬ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግድ የለም አልኩ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገለጥኩ። «እርሷም ከእግሩ ሥር ወድቃ ‹አጥፍቻለሁ› አለች። ባልዋም እንባውን ጠርጎ አነሳት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ቤቱም በእልልታ ተሞላ።» እንዲህ ነው የሚያልቀው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ወንዶች፣ አንድ ባልና እግር ሥር የወደቀችው ሴት ናቸው። እልልታውን ማን እንዳለው ጋሼ ተካልኝ አላሰቡበትም።

አግዳሚው ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ አልናገርም። ከዚያው ጣቢያ አዲሱን ባቡር ይዤ ዋይንድሃም ቬል ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሜዳው ሁሉ ቤት ሊሠራበት ተቆፍሮ ነበር፤ ዛሬ ሜዳ የሚባል የለም። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ሊስሙኝ ነበር፤ ፊቴን አይተው ጋራዥ ነው አሉኝ። ጋሼ ተካልኝ ማሞቂያቸው አጠገብ ተቀምጠው ለመጽሐፉ ምረቃ የሚያነቡትን ንግግር ይጽፉ ነበር። መጽሐፉን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አዩት። ለመካድ አልሞከሩም፤ ይህንንም እጽፍላቸዋለሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ ወርቄ።»

አልቀመጥም አልኳቸው።

«እኔ እኮ ያዳንኩሽ ነው» አሉኝ።

«ከምን?»

«ከወሬ ነዋ። ሰው ሁሉ ሴትየዋ አንቺ እንደሆንሽ ያውቃል። ባሏን ረግጣ ስትሄድ ቢያነቡ ምን ይሉሻል? ሟቹስ ምን ይባላል? እዚህ ያሉት ወጣት ሴቶችስ ምን ይማራሉ? ደግሞ ውሸት አልጨመርኩም። አንቺስ ብትሆኚ ታርቀሽ አልገባሽም? እኔው አይደለሁም ያስታረቅሁሽ? እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

ያሉት ልክ ነበር፤ የሆነው እንደዚያ ነው። ወደ አሥራ አንደኛው ፎቅ አንድ ጊዜ መልሰውኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ መለሱኝ። ከቤቴም ከገንዘቤም ከስሜም ይልቅ የምፈልገው ያችን ሴት ትራሙ ላይ ወጥታ ማየት ብቻ ነበር፣ እሷንም አወረዱብኝ። የተናገርኩት ግን ይህን ያህል አይደለም።

«ያኛው ታሪክ የእኔ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ይሄኛው የእሷ ነው።»

አልገባቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው ማበስ ሲጀምሩ ወጥቼ ሄድኩ።

የምረቃው ቀን ግን ተቆርጦ ነበር። የካውንስሉ አዳራሽ ቡክ ተደርጓል፤ ፉትስክሬይ ባሉት የሐበሻ ሱቆች መስታወት ሁሉ ላይ ፎቶዬ ተለጥፏል፤ ያ ቡናማ ካፖርት ፎቶው ላይ ጥቁር ይመስላል። ግጥም የሚያነቡ ሰዎች ተጠርተዋል። እንደ ልማዳችን የመጀመሪያው ቅጂ ለጨረታ ይቀርባል፣ ትልቅ ዳቦ ይቆረሳል። እኔ ለሚደውልልኝ ሁሉ አልመጣም፣ ምረቃም የለም አልኩ። ምክንያቱን ስናገር ሰው ይስቃል። ለመጨረሻ ምዕራፍ ብለሽ? ይሉኛል። ታዲያ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሆነውን ከእኛ ሰዎች በቀር የሚያደርገው ያለ አይመስለኝም። ጋሼ ተካልኝ ሽማግሌ ላኩብኝ።

ሦስት ሆነው መጡ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው። መሪያቸው አቶ ንጉሤ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ነጂ፣ እሑድ እሑድ መኪና የሌለውን ሁሉ እየዞሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልሱ ደግ ሰው። እሳቸውን አልተቀየምኩም። ሜሮን ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች፤ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሰዎቹን አይታ ወደ እኔ ዞረች። የዚያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎች ሲመጡ ከጓደኛዬ ሶፋ ኋላ ተቀምጣ ታይ የነበረችው ልጅ አሁን የራሷ ደመወዝ ያላት ትልቅ ሴት ነች። ወደ ኩሽና ገባች።

ሻይ ቀዳሁ። አቶ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ እትዬ ወርቅነሽ፣ እሺ ካላሉን አንቀምስም» አሉ።

እንዳሻችሁ ብዬ የራሴን አነሳሁና ጠጣሁ። ይህን አልጠበቁም ነበር።

አቶ ንጉሤ ስለ ጋሼ ተካልኝ ትልቅነት ተናገሩ። ለስንቱ ሟች እንደጻፉ፣ ለስንቱ ስደተኛ ፎርም እንደሞሉ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ «አዳራሹ ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል። እኚህን ሽማግሌ አያዋርዷቸው» አሉኝ።

«መጽሐፉ የማን ነው አቶ ንጉሤ?»

«የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ የተዋረደው ማን ነው?»

ሁለተኛው ሰው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር መሰለኝ፣ መፍትሔ ይዞ መጥቷል። ምረቃው ይደረግ፤ ሁለተኛ እትም ሲታተም የእኔ መጨረሻ ይግባ፤ ጋሼ ተካልኝም ይህን በሕዝብ ፊት ይናገራሉ። አንድ ምዕራፍ እኮ ነው አለኝ። ሌላው ምዕራፍ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው አልኩት። ሦስተኛው መጽሐፉን እንዳላነበበ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ቅን ሰው ስለሆነ ግን ጠየቀ።

«ለመሆኑ በእርስዎ ጽሑፍ ሴትየዋ ምን ትሆናለች?»

«ሥራ ትገባለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጽሐፉ ያልቃል።»

«ምንም ሳትላቸው?»

«ሻዩን ጠጡ ትላቸዋለች።»

አቶ ንጉሤ ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። እንደገና ጀመሩ፤ በልጅ፣ በአገር፣ በእግዚአብሔር ስም ለመኑኝ። ሽማግሌ ሲለምን ሰው የሚሸነፈው በክርክር አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ቤትህ ውስጥ ተቀምጠው፣ አፋቸው ደርቆ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀዳውን ሳይነኩ ሲቀሩ ነው። እኔም ያን ጊዜ ልሸነፍ ተቃርቤ ነበር። ደህና ሰዎች ናቸው፤ ብርድ ላይ ሊወጡ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሜሮን ከኩሽናው በር ላይ ቆማ «ማም፣ ዩ ካን ሰይ ኖ» አለች በእንግሊዝኛ፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ ስትል፤ ቀስ ብላ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር። ሦስቱም ገብቷቸዋል። ሦስቱም ወደ ብርጭቆዎቻቸው አዩ።

«እሺ አልልም» አልኩ።

ሌላ ነገር እንድጨምር ጠብቀው ነበር፤ የምጨምረው አልነበረኝም። አቶ ንጉሤ ተነሱና እግዜር ይስጥልን አሉ። እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው።

በማግስቱ በየሱቁ ዞሬ ፎቶዬን ከመስታወቱ አነሳሁ። አዳራሹ ካንሰል ተደረገ። ከዚያ መጽሐፎቹን ካመጧቸው ሰዎች ቤት በአውቶቡስና በባቡር እየሄድኩ ሰበሰብኩ፤ አንዳንዱ ሰጠኝ፣ አንዳንዱ አበድሬዋለሁ አለ፣ አንዳንዱ በሩን አልከፈተም። የሰበሰብኩትን ቢጫ ክዳን ባለው የወረቀት መጣያ ቢን ውስጥ በየተራ ጣልኩ። የሪሳይክል መኪና የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ መጣሉ እስከ ጸደይ ቆየ። ሜሮን ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል ጫነችልኝ። ማድረቂያዎቹ ሲዞሩ የጻፍኩትን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በሁለት ጣቴ ተየብኩት፤ ለሽማግሌውም ክራባቱን መልሼ አሰርኩለት። ሲያልቅ ፉትስክሬይ ውስጥ የሬስቶራንት ሜኑ ለሚያትም ቬትናማዊ ሰውዬ ሰጠሁት። ፊደላችንን አያነብም። እንደሰጠሁት አተመው። ሽፋኑ ላይ ሥዕል የለም፣ መቅድምም የለውም። አንድ ቅጂ በፖስታ ወደ ዋይንድሃም ቬል ላክሁ።